እናቱን ሳታዩ ቡችላ አትግዙ፦ ስለ ኮቶን ውሻ ለጠየቃችሁን

በዚህ ወር ከመጡልኝ ደብዳቤዎች የሚበዙት ስለ አንድ ውሻ ናቸው። ትንሽ፣ ነጭ፣ ፀጉሩ የተነደፈ ጥጥ የሚመስል፣ ኮቶን ደ ቱሌያር የሚባል። ባጭሩ ኮቶን እንበለው። የጻፉልኝም አብዛኞቹ የሰሜን ሸዋ ሰዎች ናቸው፣ ከደብረ ብርሃን እስከ ሸዋ ሮቢት፣ ከመሐል ሜዳ እስከ አንኮበር። ስለዚህ የዚህን ወር ገጽ በሙሉ ለዚህ ጉዳይ ሰጥቼዋለሁ። ደብዳቤዎቹን ትንሽ አሳጥሬያቸዋለሁ፣ የማንንም ስም አላወጣሁም።

ከደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ

ጥያቄ፦ ሰላም ዶክተር። እህቴ ፈረንሳይ አገር ነው የምትኖረው። ለእረፍት ስትመጣ ኮቶን የሚባል ውሻ ላምጣልሽ ብላኛለች። ፎቶውን አይቼ በጣም ወድጄዋለሁ፣ ግን ስለ ዝርያው ምንም አላውቅም። ከየት የመጣ ነው? ጠባዩስ እንዴት ነው? እሷስ ከመምጣቷ በፊት ምን ማሟላት አለባት?

መልስ፦ እህቴ፣ ውሻው ሳይመጣ መጠየቅሽ በጣም ጥሩ ነው። ብዙ ሰው የሚጠይቀኝ ከመጣ በኋላ ነው።

ኮቶን የማዳጋስካር ውሻ ነው። ቱሌያር በደሴቲቱ ደቡብ ምዕራብ ዳርቻ ያለች የወደብ ከተማ ናት፣ ዛሬ ቶሊያራ ትባላለች። ቅድመ አያቶቹ ቢሾን የሚባሉት ትንንሽ የሜዲትራኒያን ውሾች ናቸው፣ ማልቲዝና ሃቫኒዝም ከዚሁ ቤተሰብ ናቸው። ከመርከበኞችና ከነጋዴዎች ጋር ደሴቲቱ ደርሰው እዚያ ካገኟቸው ውሾች ጋር ተዳቀሉ ነው የሚባለው። መርከብ ተሰብሮ ሰው ሁሉ ሲያልቅ ውሾቹ ብቻ ዋኝተው ወጡ የሚል ታሪክም ይነገራል። ታሪኩ ደስ ይላል፣ ማስረጃ ግን የለውም። በኋላ ውሻው የመሪና መንግሥት መኳንንት ቤት ገባና የጌቶች ውሻ ሆነ። ፈረንሳይ ማዳጋስካርን ቅኝ ግዛቷ ያደረገችው እ.ኤ.አ. በ1896 ነው፣ ልክ እኛ አድዋ ላይ ባሸነፍንበት ዓመት። ፈረንሳዮቹም ውሻውን ወደዱት፣ ወደ አገራቸውም ወሰዱት። ዓለም አቀፉ የውሻ ማኅበራት ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ1970 ራሱን የቻለ ዝርያ አድርጎ ተቀበለው፣ የአሜሪካ ኬኔል ክለብ ደግሞ በ2014። እኛ የፈረንጅ ውሻ እያልን ብንጠራውም አፍሪካዊ ነው፣ ይህን ስናገር ደስ ይለኛል።

ወንዱ ከ4 እስከ 6 ኪሎ ይመዝናል፣ ሴቷ ከ3.5 እስከ 5። በደንብ ከተያዘ 14 እና 15 ዓመት፣ ከዚያም በላይ ይኖራል። ጠባዩ ገር ነው፣ ይጫወታል፣ ልጆች ይወዳል፣ ሰው ካለበት አይጠፋም። ዘበኛ ግን አይሆንሽም። በር ሲንኳኳ ይጮህ ይሆናል፣ ከዚያ እንግዳውን ጅራቱን እየቆላ ይቀበለዋል። ይህ ውሻ ለዘመናት የተመረጠው ከሰው አጠገብ እንዲሆን ብቻ ነው፣ አደን የለው፣ ጥበቃ የለው። ስለዚህ ከሁሉ በላይ የሚፈልገው የአንቺን ጊዜ ነው።

ወረቀቱን በተመለከተ፣ እህትሽ ትኬት ከመቁረጧ በፊት አንቺ ኢትዮጵያ ግብርና ባለሥልጣን ሄደሽ ውሻ ለማስገባት የሚጠየቀውን መስፈርት በጽሑፍ ተቀበይ። መስፈርት ስለሚለዋወጥ ዘመድ የነገረሽን ይዘሽ አትጓዢ። የላኪው አገር የመንግሥት የእንስሳት ሐኪም የጤና ምስክር ወረቀት፣ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባትና ማይክሮቺፕ (ቆዳው ሥር የሚገባ መለያ) በየትኛውም መንገድ ያስፈልጉሻል። የእብድ ውሻ ክትባት አብዛኛውን ጊዜ ቡችላው 12 ሳምንት ሳይሞላው አይሰጥም፣ ስለዚህ ከዚያ ያነሰ ቡችላ ይዤ እመጣለሁ ካለችሽ እንድትቆይ ንገሪያት።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ብዙ ሰው ስለማያውቀው። ምናልባት ወደፊት ውሻውን መልሳ ልትወስደው ካሰበች፣ ከፈረንሳይ ሳይወጣ ክትባቱ መሥራቱን የሚያሳየውን የደም ምርመራ ታስደርገውና ውጤቱ በውሻው ፓስፖርት ላይ ይመዝገብ። ክትባት ከተሰጠ ከ30 ቀን በኋላ ነው ደሙ የሚወሰደው። ይህ ሳይደረግ ከመጣ ምርመራው እዚህ ተደርጎ፣ ናሙናው የአውሮፓ ኅብረት እውቅና በሰጠው ላቦራቶሪ ታይቶ፣ ደሙ ከተወሰደበት ቀን ጀምሮ ሦስት ወር መጠበቅ ግድ ይሆናል።

ከደብረ ብርሃን፣ ኢንዱስትሪ ፓርክ የሚሠራ ወጣት

ጥያቄ፦ ሰላም ነው ዶክ? ቴሌግራም ላይ አንድ ሻጭ አገኘሁ። ኦሪጅናል ኮቶን፣ 45 ቀኑ ነው ይላል። ግማሹን ብር ቀብድ በቴሌብር ላክ፣ ቡችላውን ከአዲስ አበባ በሚኒባስ እልክልሃለሁ አለኝ። ለእጮኛዬ ልደት በስጦታ ልሰጣት ነው። ልላክለት?

መልስ፦ አትላክ ወንድሜ።

ሻጩ ሌባ ነው እያልኩ አይደለም፣ ሰውየውን አላውቀውም። የነገረህ ነገር ግን አንዱም አላማረኝም። ከ45 ቀኑ እንጀምር። ቡችላ ከእናቱ ጋር ቢያንስ 8 ሳምንት፣ ማለትም 56 ቀን መቆየት አለበት፣ እንዲህ ያሉ ትንንሽ ዝርያዎችማ 10 ሳምንት ቢሆናቸው እመርጣለሁ። እነዚያ የመጨረሻዎቹ ሳምንታት ቡችላው ከወንድሞቹ ጋር እየተናከሰ ጥርሱን መቆጣጠር የሚማርባቸው፣ እናቱም ስታበዛበት የምትቆጣባቸው ናቸው። ያንን ሳይማር የመጣ ውሻ ኋላ የሚናከስ፣ የሚፈራ፣ ብቻውን ሲሆን የሚያለቅስ ይሆናል፣ ያኔ ደግሞ ሰው ጥፋቱን በውሻው ላይ ያሳብባል።

ከዚያ ፎቶው። በዚያ ዕድሜ ማልቲዝም፣ ቢሾንም፣ የፑድል ድቅልም፣ ኮቶንም ነጭ ትንሽ ፀጉራም ነገር ናቸው። እኔ እንስሳ ሐኪም ሆኜ ከፎቶ ለይቼ አልነግርህም። እንዲያውም እውነተኛ የኮቶን ቡችላ ብዙ ጊዜ ጆሮው ላይ ቡኒ ወይም ግራጫ ነገር ይዞ ይወለድና እያደገ ሲሄድ ይነጣል። ስለዚህ ኮቶን ነው ለማለት የዘር ሐረግ ወረቀት ያስፈልጋል፣ ከታወቀ የውሻ ማኅበር የወጣ፣ የአባቱም የእናቱም ስምና የቺፕ ቁጥር ያለበት። ቺፕ 15 አሃዝ ያለው ቁጥር ነው፣ በማንበቢያ ሲነበብ ወረቀቱ ላይ ካለው ጋር አንድ መሆን አለበት። ወረቀት የለውም? እንግዲያው የሚሸጥልህ ነጭ ትንሽ ድቅል ውሻ ነው። ድቅል ውሻ ነውር የለውም፣ ግሩም ጓደኛ ይሆናል፣ ነውሩ በኮቶን ስምና በኮቶን ዋጋ መሸጡ ነው።

አሁን ዋናውን ልንገርህ፣ ሌላውን ሁሉ ብትረሳ ይህን አትርሳ። እናቱን ሳታይ ብር አትክፈል። አዲስ አበባ ከደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ናት፣ በእረፍት ቀንህ ሄደህ መምጣት ትችላለህ። ከመሄድህ በፊት በቀጥታ ቪዲዮ ደውልለትና እናቲቱ ቡችሎቹን ስታጠባ አሳየኝ በለው፣ የተቀረጸ ቪዲዮ ሳይሆን አሁን፣ አንተ ያልከውን እያደረገ። ስትሄድም ቤቱ ድረስ ግባ። መናኸሪያ እንገናኝ፣ ካፌ ይዤው ልምጣ የሚል ሻጭ የሚደብቀው ነገር አለው። እናቲቱን አስተውላት። ሰው ስታይ ጥግ ትይዛለች ወይስ ትመጣለች? አጥንቷ ወጥቷል? የምትተኛበት ይሸታል? ስንት ጊዜ ወልዳለች፣ ዕድሜዋ ስንት ነው ብለህ ጠይቅ። በየስድስት ወሩ የምትወልድ እናት ካየህ ቡችላው የቱንም ያህል ቢያምር ውጣ፣ ምክንያቱም አንተ ስትከፍል ለሚቀጥለው እርግዝናዋ እየከፈልክ ነው።

ቡችላው ራሱ ዓይኑ የጠራ፣ ድዱ ሮዝ፣ ሆዱ ያልተነፋ፣ ሲሄድ የማይንገዳገድ መሆን አለበት። ሆዱ ተነፍቶ ጎኑ የከሳ ከሆነ ትል አለበት። የክትባት ደብተሩን ክፈተው፣ ክትባቱ ከተቀዳበት ብልቃጥ የተላጠ ተለጣፊ፣ ቀንና የሐኪም ማኅተም ከሌለበት ባዶ ደብተር ነው። በ45 ቀን "ክትባቱን ጨርሷል" ካሉህ ደግሞ ውሸት ነው፣ ፓርቮና ዲስቴምፐር የሚባሉት ገዳይ የውሻ በሽታዎች ክትባት ከ6 እስከ 8 ሳምንት ላይ ተጀምሮ በየሦስትና አራት ሳምንቱ እየተደገመ እስከ 16 ሳምንት ይቀጥላል። ከተስማማችሁ በወረቀት ተፈራረሙ። በቀናት ውስጥ ቢታመም፣ ወይም አንተ ማሳደግ ቢያቅትህ ይመልሰዋል ወይ? ጥሩ አርቢ መልሶ ይቀበላል፣ እንዲያውም ከአንተ በላይ እሱ ነው የሚጠይቅህ። ቤትህ የት ነው፣ ቀን ማን ይኖራል፣ ውሻ ነበረህ ወይ ይልሃል። ብሩን ብቻ የሚጠይቅህን ተወው።

ሚኒባሱን ደግሞ ጨርሶ እርሳው። ሁለት ኪሎ የማይሞላ ቡችላ በካርቶን ታሽጎ፣ ሳይበላ ከዋለ የደሙ ስኳር ወርዶ ሊሞት ይችላል።

እና ስጦታው። እጮኛህን ጠይቀሃታል? ይህ 15 ዓመት የሚቆይ ነገር ነው፣ ሰርፕራይዝ አይደረግም። ለልደቷ ሌላ ነገር ስጣትና ውሻውን አብራችሁ ሄዳችሁ ምረጡ።

ከደብረ ብርሃን፣ ጡረታ የወጡ መምህርት

ጥያቄ፦ ልጄ፣ ልጆቼ ሁሉም አዲስ አበባ ናቸው፣ እኔ ብቻዬን ነኝ። ጓደኛ ይሆንሻል ብለው ኮቶን ሊገዙልኝ ነው። የእኛን ብርድ መቼም ታውቀዋለህ። በዚያ ላይ እኛ ውሻ ቤት ውስጥ ሲኖር አይተን አላደግንም። ግቢው ውስጥ ቤት ባሠራለት አይሆንም? ጎረቤትስ ምን ይለኛል?

መልስ፦ እትዬ፣ ይህ ውሻ ግቢ አያድርም። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ የኅዳርና የታኅሣሥን ውርጭ እርስዎ ከእኔ ይበልጥ ያውቁታል። ፀጉሩ ወፍራም ስለሚመስል ብርድ አይነካውም ይባላል፣ ነገር ግን አንድ ጊዜ ከረጠበ ያ ፀጉር ውሃ ይዞ ይቀራል፣ አምስት ኪሎ ገላ ደግሞ ቶሎ ይቀዘቅዛል። ከብርዱም የባሰ ጅብ አለ። የከተማው ዳር ላይ ማታ ማታ ጅብ እንደሚዞር ያውቃሉ፣ የሐበሻው ትልቅ ውሻ እንኳ የሚያመልጠው ስለለመደ ነው። ኮቶን አይለምድም።

ስለዚህ ወይ ቤት ውስጥ ነው፣ ወይ ይቅር። ቤት ውስጥ ሲባል አልጋ ላይ ማለት አይደለም። ከበሩ ራቅ ያለ፣ ነፋስ የማይመጣበት ጥግ፣ ከመሬት ከፍ ያለ ነገር ላይ አሮጌ ብርድ ልብስ ይበቃዋል። የጸሎት ቦታዎ የተለየ ክፍል ከሆነ በሩን ይዝጉበት፣ አይገባም ከተባለ ይማራል፣ ብልህ ውሻ ነው። የቀረውን ነፍስ አባትዎን ይጠይቁ፣ እኔ የምመልሰው አይደለም። ጎረቤትም በክትባት ደብተሩና በንጽሕናው ነው የሚረጋጋው። ከሰል አንድደው ክፍሉን ዘግተው እንዳይተኙ ደግሞ አደራ፣ ለእርስዎም ለእሱም።

አንድ ሐሳብ ልስጥዎ። ቡችላ ይቅርብዎ። ቡችላ ሌሊት ይነሳል፣ ያኝካል፣ ምንጣፍ ላይ ይሸናል፣ እግር ሥር ይገባና ሰው ያደናቅፋል። ልጆችዎ ከአርቢ ጋር ሲነጋገሩ መውለድ ያቆመች የአራትና የአምስት ዓመት ሴት እንዳለችው ይጠይቁ። እንዲህ ያለችዋ ውጭ መውጣት የለመደች፣ የረጋች ናት፣ ዋጋዋም ብዙ ጊዜ ይቀንሳል። ሌላው ጉዳይ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና በግልጽ ልናገረው፣ እርስዎ ቢታመሙ ወይም ራቅ ያለ ቦታ ቢሄዱ ውሻውን የትኛው ልጅ ይወስደዋል? ሳይገዛ በፊት አንዱ ልጅ በስሙ ኃላፊነት ይውሰድ።

ከሸዋ ሮቢት

ጥያቄ፦ የእኛ አገር ሙቀት ነው። ፀጉሩን ሙልጭ አድርጌ ብላጨውስ?

መልስ፦ አይላጭ። ፀጉሩ ቆዳውን ከፀሐይ ይከልለዋል። ማሳጠር ከፈለጉ ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር አስቀርተው ይቁረጡት። ጠዋት ማለዳና ማታ ብቻ ያውጡት፣ አስፋልቱን በእጅዎ ጀርባ ነክተው ካቃጠለዎት እሱንም ያቃጥለዋል። ሲያለከልክ ቆይቶ ምራቁ ከወፈረና ከተንገዳገደ በቀዝቃዛ ውሃ አርጥበው፣ አየር እንዲያገኝ እያራገቡለት ወደ ሐኪም ይሩጡ። በቆላ አገር ደግሞ መዥገር አለ፣ በየቀኑ ጆሮው ውስጥና በጣቶቹ መካከል ይዳስሱ።

ከደብረ ሲና

ጥያቄ፦ የእህቴ ልጅ ኮቶን አምጥታ እኛ ጋ ትታው ወደ ሥራዋ ተመለሰች። የምንበላውን ነው የምንሰጠው፣ እንጀራ በወጥ። አሁን ጾም ሲገባ ምን እናብላው? ሥጋ ወደ ቤታችን አይገባም።

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ስለጠየቃችሁኝ አመሰግናለሁ፣ ብዙ ቤት ያለ ችግር ነው።

መጀመሪያ ወጡን አቁሙ። ዛሬውኑ። በርበሬው ሆዱን ያቃጥላል፣ እውነተኛው አደጋ ግን ሽንኩርቱ ነው። ቀይም ይሁን ነጭ ሽንኩርት፣ ጥሬም ይሁን የበሰለ፣ የውሻን ቀይ የደም ሴል ይሰብራል። ለአምስት ኪሎ ውሻ 75 ግራም ያህል ሽንኩርት፣ አንድ ትንሽ ራስ ማለት ነው፣ ለመመረዝ ይበቃል፣ ጥቂት በጥቂት በየቀኑ ከተሰጠም ይጠራቀምበታል። የእኛ ወጥ ደግሞ ሽንኩርት ነው። የጾም ሽሮውም እንደዚያው፣ ነጭ ሽንኩርት አለበት። ድዱ ከነጣ፣ ሽንቱ ቀላ ወይም ቡኒ ካለ፣ ከደከመ ቶሎ ሐኪም ጋ ውሰዱት። ቸኮሌት፣ ወይንና ዘቢብም ለውሻ መርዝ ናቸው። የበሰለ የዶሮ አጥንት ደግሞ እየተሰነጠቀ አንጀት ይወጋል።

ጾሙን በተመለከተ፣ ውሻው አይጾምም። እናንተ ባትበሉም ለእሱ ለብቻው በተለየ ድስት ሥጋ ወይም እንቁላል መቀቀል ይቻላል። ያ ቅር ካላችሁ ለጾም ወራት ደረቅ የውሻ ምግብ ከአዲስ አበባ አስመጡ፣ ትንሽ ውሻ ስለሆነ አንድ ከረጢት ብዙ ጊዜ ይቆያል። ለአዋቂ ኮቶን በቀን ከ300 እስከ 400 ኪሎ ካሎሪ በቂ ነው፣ ሁለት ጊዜ ተከፍሎ። ቤት ስትሠሩለት ያለ ጨው፣ ያለ ቅመም፣ ያለ ሽንኩርት የተቀቀለ ሥጋ ወይም እንቁላል ከሩዝና ከካሮት ጋር ይሁን። ይህ ብቻውን ዓመቱን ሙሉ አይበቃም፣ በተለይ ካልሲየም ይጎድለዋል፣ ስለዚህ ሐኪም አማክሩ። ነጭ እንጀራ ቁራሽ ቢበላ አይሞትም። የውሻ ምግብ የምትለውጡ ከሆነ ደግሞ በአንድ ቀን አትለውጡ፣ በሳምንት ውስጥ እያቀላቀላችሁ ይሁን፣ ካልሆነ ያስቀምጠዋል።

ለልጅቷም ንገሯት፣ ውሻው የእሷ ነው። ስልክ ደውላ እንዴት ነው ማለት አይበቃም።

ከደብረ ብርሃን፣ የሴቶች ፀጉር ቤት ያላት እህት

ጥያቄ፦ ደንበኞቼ ኮቶናቸውን ይዘው እየመጡ አበጥሪልን፣ እጠቢልን ይሉኛል። የሰው ሻምፑ ይሆናል? ፀጉሩ ደግሞ ቶሎ ይጠላለፋል።

መልስ፦ እጅሽ የለመደ ስለሆነ አንቺ ጥሩ ትሠሪዋለሽ፣ ጥቂት ነገር ብቻ ቀይሪ። የሰው ሻምፑ ለሰው ቆዳ የተሠራ ነው፣ አሲድነቱ ለውሻ ይበዛበታል፣ ቆዳው ይደርቅና ያሳክከዋል። የውሻ ሻምፑ ግዢ።

ዋናው ሥራ ከውሃው በፊት ነው። ሳይፈታ የታጠበ ቋጠሮ ሲደርቅ ይጠነክራል፣ ከዚያ መቀስ ብቻ ነው የሚያወጣው። ፀጉሩንም ደርቆ እያለ አታበጥሪው፣ ይበጠሳል፣ በመርጫ ትንሽ ውሃ ነፋ ነፋ አድርጊበትና በጣቶችሽ ቋጠሮውን ፈልቅቂ፣ ከዚያ ጥርሱ ሰፋ ባለ ማበጠሪያ ከጫፍ ወደ ሥር። ከጆሮ ኋላ፣ ብብቱ ሥር፣ አንገት ማሰሪያው የሚያርፍበት ቦታ፣ እነዚህን ሳታዪ አትልቀቂ። ከስምንተኛው ወር እስከ አንድ ዓመት ከምናምን ባለው ጊዜ የቡችላው ፀጉር በአዋቂው ሲተካ በየቀኑ ነው የሚጠላለፈው፣ ደንበኞችሽን ያኔ በየቀኑ ቤታቸው እንዲያበጥሩት ንገሪያቸው። ሜዳ ወጥቶ ከመጣ ጭጎጎት ፈልጊ፣ በተለይ በመዳፉ ሥር። በደብረ ብርሃን ብርድ ውሻ አጥበሽ እርጥቡን አትልቀቂ፣ ካስኩ አይሁን፣ የእጅ ማድረቂያውን ለብ ያለው ላይ አድርገሽ ከራቅ ብሎ ሥሩ ድረስ አድርቂው። በየሦስት ሳምንቱ አንድ ጊዜ ማጠብ ይበቃል። የክትባት ደብተር ያላመጣን ውሻ ደግሞ አትቀበይ፣ ሌላውን እንዳይበክልብሽ።

ከመሐል ሜዳ፣ መንዝ

ጥያቄ፦ በግ አለን፣ ሁለት የሐበሻ ውሾችም አሉን። ልጄ ከከተማ ኮቶን ይዞ መጣ። ለትንሹ ውሻ ብቻ ክትባት ግዙ አለን። ለእነዚያስ አያስፈልግም? በግ ስናርድ ውስጡን ለውሾቹ ነው የምንሰጠው፣ ለዚህኛውም እንስጠው?

መልስ፦ ሦስቱም ይከተቡ። ልጅዎ ለውድ ውሻው ማሰቡ ጥሩ ነው፣ ነገር ግን ያው አንድ ግቢ ነው የሚኖሩት። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ መድኃኒት የለውም፣ ሰውም ውሻም ይሞታል፣ ሰውን ከሚገድለው ውስጥ ወደ 99 ከመቶው ከውሻ የሚመጣ ነው። በውሻ የተነከሰ ሰው ካለ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ ሙሉ ይታጠብና የዚያኑ ቀን ጤና ተቋም ይሂድ። ፀበል ወይም የባህል መድኃኒት መሄድ የሚፈልግም ሰው ክትባቱን መጀመሪያ ይጀምር።

እናንተ ደግሞ ሌላ አደራ አለባችሁ። የጓሳ ጥብቅ ሥፍራ በራችሁ ላይ ነው። በዓለም ላይ የቀሩት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 ያንሳሉ፣ ሁሉም ኢትዮጵያ ውስጥ ናቸው፣ የተወሰኑትም እናንተ ጋ ጓሳ ውስጥ። በባሌ ተራሮች እ.ኤ.አ. በ2003 እና በ2008 የእብድ ውሻ በሽታ ገብቶ ብዙ ቀይ ቀበሮ ፈጅቷል፣ በሽታውን ያመጡት የሰው ውሾች ናቸው። ዲስቴምፐርም እንዲሁ። የመንዝ ሰው ቄሮ በሚባለው የጋራ መሬት አጠባበቅ ሥርዓት የጓሳን ሳር ለዘመናት ጠብቆ ያቆየ ሰው ነው፣ ውሻውን ማስከተብ አያቅተውም። ከከተማ የመጣው ኮቶን ክትባቱ ሳይሟላ ጓሳ አካባቢ ፈጽሞ አይሂድ።

የበጉን ውስጥ በተመለከተ፣ ጥሬ ሳንባና ጉበት ለማንኛውም ውሻ አትስጡ። ስታርዱ ጉበቱ ወይም ሳንባው ላይ ውሃ የቋጠረ ከረጢት አይታችሁ ታውቁ ይሆናል። ያንን ውሻ ሲበላው ትንሽ የኮሶ ትል ሆኖ አንጀቱ ውስጥ ይራባል፣ እንቁላሉ ከኩሱ ወጥቶ ፀጉሩ ላይ ይጣበቃል፣ ልጅ ውሻውን አቅፎ ሳይታጠብ ሲበላ ወደ ልጁ ይገባል። ከዚያ በሰው ጉበት ወይም ሳንባ ውስጥ ያው ከረጢት ለዓመታት ያድጋል፣ ብዙ ጊዜ በቀዶ ጥገና ነው የሚወጣው። የበግ ሆድ ዕቃ የሚበላ ውሻና ልጆች የሚያቅፉት ውሻ አንድ ሲሆን ደግሞ አደጋው ይበልጣል። ከረጢት ያለበትን በጥልቅ ቅበሩ ወይም አቃጥሉ፣ ደህናውንም ቢያንስ 40 ደቂቃ ቀቅላችሁ ስጡ። ፕራዚኳንቴል የሚባለውን የትል መድኃኒት ሐኪም በኪሎ መዝኖ ለሦስቱም ይስጥ። ትሉ በውሻው ውስጥ እንቁላል ለመጣል ስድስት ሳምንት ገደማ ይፈጅበታል፣ ስለዚህ ጥሬ ሆድ ዕቃ የሚያገኝ ውሻ በየስድስት ሳምንቱ መታከም ሊኖርበት ነው። መቀቀሉ ይቀላል።

ከአንኮበር

ጥያቄ፦ ጠዋት 1 ሰዓት ወጥቼ ማታ 12 ሰዓት ነው የምገባው። ብቻዬን ስለምኖር ጓደኛ እንዲሆነኝ ኮቶን ልግዛ?

መልስ፦ አሁን አትግዛ። አንተ ማታ ጓደኛ ታገኛለህ፣ እሱ ግን ቀኑን ሙሉ አያገኝም። ይህ ዝርያ ብቻውን ሲውል ይጮሃል፣ በር ይቧጥጣል፣ መዳፉን እስኪቆስል ይልሳል። ቀን ቤት የሚውል ዘመድ ወይም ጎረቤት ካለና ከልቡ ከተስማማ እንደገና ጻፍልኝ። የሐበሻ ቡችላም ቢሆን ብቻውን ተዘግቶ መዋል የለበትም፣ ግን ግቢ ካለህና ከጅብ የሚከልል አጥር ካለው ለአኗኗርህ እሱ ይቀርባል።

ከደብረ ብርሃን፣ ነጋዴ

ጥያቄ፦ ወንድና ሴት ኮቶን ገዝቼ አራብቼ ልሸጥ አስቤያለሁ። አንድ ሰው ከአንድ እናት በአንድ ጊዜ የተወለዱ ሁለት አሉኝ ብሎኛል። ያዋጣል?

መልስ፦ ወንድምና እህት አታዳቅል፣ ይህ ለውይይት አይቀርብም።

ኮቶን ከጥቂት ውሾች ተነስቶ የበዛ ዝርያ ስለሆነ ጉድለት የሚያመጣ ዘር በዝርያው ውስጥ ተደብቆ ይገኛል። ከሁለቱም ወላጅ ሲወረስ ነው ጉዱ የሚወጣው። አንደኛው ባንዴራ የሚባለው ነው፣ ቡችላው ሲወለድ ጀምሮ ሚዛን የለውም፣ ይንቀጠቀጣል፣ ቆሞ መሄድ ሳይችል ይቀራል። ሌላው ኩላሊቱን እንደ ድንጋይ በሚጠጥር የጨው ቅንጣት ሞልቶ ቡችላውን ገና በሳምንታት ዕድሜው የሚገድለው ነው። ዓይን ላይ የሚወጣ አለ፣ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ አለ። ለእነዚህ ሁሉ የዘር ምርመራ አለ፣ ከውሻው ጉንጭ በጥጥ ተጠርጎ ውጭ አገር ላቦራቶሪ ይላካል። የጉልበት ሎሚው መውለቅ ግን በዘር ምርመራ አይታወቅም፣ ሐኪም በእጁ ነው የሚያየው፣ ቢሾፍቱ ያለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ወስደህ አስመርምር።

ሒሳቡን ከዚያ በኋላ ሥራ። የሁለቱ ምርመራ፣ የእናቲቱ የእርግዝና ክትትል፣ ምጥ ቢጠናባት ቀዶ ጥገና፣ የእያንዳንዱ ቡችላ ክትባት፣ ሳይሸጥ የቆየውን መቀለብ። ሴቷ ሁለት ዓመት ሳይሞላት አትወልድም፣ ወልዳም ዓመት ታርፋለች። እንዲህ አድርገህ የምትሠራ ከሆነ ትርፉ ትንሽ ነው፣ ግን ሰው እናቲቱን አሳየኝ ሲልህ በርህን ትከፍታለህ። እንዲህ የማታደርግ ከሆነ ሌላ ንግድ ፈልግ፣ በሰሜን ሸዋ በግ ማደለብ ይሻልሃል።

ውጤቱ ሲመጣ እንዴት እንደሚነበብ ልንገርህና እንጨርስ። ሁለቱም ውሾች የአንድ በሽታ ተሸካሚ ከሆኑ አይዳቀሉም፣ ከአራት ቡችላ አንዱ በአማካይ ታሞ ይወለዳል። አንዱ ብቻ ተሸካሚ፣ ሌላው ንጹሕ ከሆነ ግን የታመመ አይወለድም፣ ግማሾቹ ተሸካሚ ሊሆኑ ስለሚችሉ የእነሱንም ምርመራ አድርገህ ውጤቱን ለገዢው በጽሑፍ ትሰጠዋለህ።